አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ሞክሩት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ተለውጧል። ድሮ በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ «ሲስተር፣ የልጁ ትኩሳት አልወርድ አለ» ነበር የሚለኝ። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ባይኖኩላሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ እንጦጦ ስወጣ የሚያዩኝ «ሲስተር፣ ይሄን ከየት ገዙት? ስንት ያቀርባል?» ይሉኛል። ክረምቱ አልፎ ሜዳው አበባ ሲለብስ ጠያቂው ይበዛል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ወንጪ ይወጣላ! መልሴ ግን ለሁሉም አንድ ነው። «ስንት ያቀርባል» ብላችሁ አትግዙ። እኔ እንደዚያ ብዬ ገዝቼ ተሞኝቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከልጆቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ስንነሳ መርካቶ ወርጄ አንድ ባይኖኩላር ገዛሁ። ጎኑ ላይ በትልልቁ «90 በ 80» የሚል ተጽፎበታል። የፊት መስታወቱ እንደ ቀይ ዕንቁ ያበራል። ሻጩ ልጅ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ዘጠና እጥፍ ነው! ጨረቃ ላይ ያለውን ድንጋይ ይቆጥሩበታል» አለኝ። አጠገቡ የነበረው «8 በ 42» የሚል ጥቁር፣ የማያምር ዕቃ ዋጋው እጥፍ ነበር። ዘጠናው ረክሶ ስምንቱ የተወደደው ለምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ተከራክሬ አስቀነስኩና ትርፍ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

የሳነቲ አምባ ከባሕር ወለል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ንፋሱ ዓይን ያስለቅሳል። አስጎብኚያችን መኪናውን አስቆመና «ያቻት ቀይ ቀበሮ፣ ከዚያ ከጅብራው ግርጌ» አለን። ይቺ እንስሳ በዓለም ላይ የቀረችው በ500 ገደማ ነው የምትቆጠረው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የለችም። ዘጠና እጥፌን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። የሚታየኝ የሚንቀጠቀጥ ቡናማ ጭጋግ ነው። ባዞረው ባዞረው ጭጋጉ ይወፍራል እንጂ አይጠራም። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ የታለች? እኔም ልያት!» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች። ሰጠኋት፤ እሷም ምንም አላየችም፤ ልታለቅስ ደረሰች።

አስጎብኚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከአንገቱ ላይ የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። ላስቲኩ የተላላጠ፣ ያረጀ 8 በ 42። ወደ ዓይኔ ከማስጠጋቴ ቀበሮዋ ፊቴ መጣች። ጆሮዋን ወደ ፊት ቀስራ፣ አንድ እግሯን ከመሬት አንስታ፣ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። የደረቷ ነጭ፣ የጅራቷ ጥቁር ጫፍ ለየብቻው ይታያል። ትንፋሼን ይዤ ስንት ደቂቃ እንዳየኋት አላውቅም። እሷ እኛ መኖራችንንም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ አላስደነገጥናትም፤ አልተጠጋናትም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ የዘጠናውን የፊት መስታወት በማስመሪያ መለካት ነበር። 80 ሚሊ ሜትር የተባለው 35 እንኳ አልሞላም። ዘጠናውንማ ተዉት!

እንግዲህ ቁጥሩ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። 8 በ 42 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር የሚያቀርበው እጥፍ ነው፤ 80 ሜትር ላይ ያለውን ነገር 10 ሜትር ላይ እንዳለ ያደርገዋል። ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት በር ማለት ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ቁጥር ያያል። እኔ ደግሞ በሙያዬ ምክንያት ሁለተኛውን ለአንደኛው ማካፈል ወደድኩ፤ የሚገኘው መልስ ከዓይናችን ብሌን ጋር የሚገናኝ ነውና።

በሥራ ዘመኔ የስንቱን በሽተኛ ዓይን በባትሪ አብርቼ ብሌኑ ሲጠብና ሲሰፋ አይቻለሁ። የወጣት ሰው ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ይከፈታል። በቀን ብርሃን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በጨለማም ቢሆን እንደ ድሮው አይከፈትም፤ ስድሳን የተሻገርን ብዙዎቻችን 5 ብንደርስ ነው። አሁን 42ን ለ8 ብታካፍሉ 5.25 ይመጣል። ይህ ማለት ከባይኖኩላሩ ኋላ የሚወጣው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። ለእኔ ዕድሜ ሰው ልክ ነው፣ ለወጣትም አያንስም። ትንሿን ኪስ የምትገባ 10 በ 25 ብታካፍሉ 2.5 ይወጣል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ካለ ችግር የለባትም። ሲነጋጋና ሲመሻሽ፣ ወይም እንደ መናገሻ ሱባ ባለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ግን ትጨልማለች። የዱር እንስሳና ወፍ ደግሞ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው! በሌላ በኩል «ትልቅ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን 7 በ 50 ብታካፍሉት 7 ገደማ ይመጣል። ከባድ ነው፤ ከ5 በላይ ለማይከፈት ብሌን ደግሞ ትርፉ ብርሃን ዓይን ውስጥ አይገባም። ለማይጠቅመን ነገር አንገታችንን የምናደክምበት ምክንያት የለም።

እጥፍን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። ባይኖኩላር ወፏን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፣ የእጃችንን መንቀጥቀጥም እኩል ያጎላዋል። 8 እጥፍ ከሆነ መንቀጥቀጡም 8 እጥፍ ነው። ቡና የጠጣ፣ አቀበት ወጥቶ ልቡ የሚመታ፣ ወይም እንደኔ ዕድሜ የተጫነው ሰው 12 እጥፍ በእጁ ይዞ ምንም አያይም። ሰሜን ተራሮች ላይ ከገደል ማዶ ዋሊያ ለማየት የሚሄድ ጎበዝ 10 እጥፍ ቢይዝ አልቃወምም። ለቤተሰብ ግን 8 ይበቃል። እንዲያውም በ8 የሚታየው ሜዳ ስለሚሰፋ ልጆች የሚፈልጉትን ቶሎ ያገኛሉ። ከ8 እስከ 30 ወይም ከዚያ በላይ በማዞር ይጨምራል የሚባለውን ደግሞ እኔ ለጠላቴም አልመክርም፤ ሲጨምር ሜዳው ይጠባል፣ ምስሉ ይጨልማል፣ መንቀጥቀጡም ይብሳል።

ሱቅ ስትገቡ አትቸኩሉ። ማስመሪያ በቦርሳችሁ ያዙ፤ የተጻፈውን ስፋት ለኩ፤ ቁጥሩ ከዋሸ ሌላውም ይዋሻልና አመስግናችሁ ውጡ። ቀይ የሚያበራ መስታወት ውበት እንዳይመስላችሁ፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ መልሶ ስለሚጥለው የምታዩትን ቀለም ያዛባዋል። ለወፍ ደግሞ ቀለም መታወቂያዋ ነው። ጥሩ ሽፋን ያለው መስታወት ላይ የሚታየው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ነው። ቀጥሎ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ አርቃችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙት፤ ፀሐይ ወዳለችበት ግን አይደለም። በዓይን በኩል ባሉት መስታወቶች ላይ ሁለት ብሩህ ክቦች ይታያሉ። ክቦቹ ክብ ከሆኑ ደግ ነው፤ ጠርዛቸው በግራጫ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰሉ ውስጡ የተገጠመው መስታወት ርካሽ ነው።

ከዚያ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ደጅ ውጡና የመብራት ምሰሶ ወይም የሕንጻ ጥግ እዩ። ለአንድ ለሁለት ደቂቃ አይታችሁ ስታወርዱት ዓይናችሁ ከተጎተተ፣ ግንባራችሁ ከከበደ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም ማለት ነው። ወድቆ የተነሳ ያገለገለ ዕቃ ላይ ይህ ይበዛል። በዋጋ ቢረክስም አትውሰዱት፤ ራስ ምታት ነው የምትገዙት። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ መነጽራችሁን አታውልቁ፤ የዓይን መደገፊያውን ላስቲክ አጥፋችሁ ወይም ወደ ታች አዙራችሁ እዩ። ሙሉው ክብ ከታያችሁ ይሆናችኋል። ዳር ዳሩ ከጨለመ ሌላ ፈልጉ፤ መግለጫ ወረቀት ካለው ከዓይን የሚርቅበት ልክ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ክብደቱንም አስቡ። 8 በ 42 አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ግራም ነው። አንገቱን ለሚያመው 8 በ 32 ይቀላል፤ ሲመሻሽ ትንሽ ቢጨልም ነው።

የተገዛው ዕቃ ደህና ቢሆንም በራሳችሁ ዓይን ልክ ካላስተካከላችሁት ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው «ደህና ነው» ብሎ የሚያየው በግማሽ ዓይኑ ነው። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ያለውን ማጠፊያ እየዘጋችሁ እየከፈታችሁ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ አስተካክሉ። በፊልም ላይ እንደሚያሳዩት ሁለት የተጣበቁ ክቦች አይደለም መታየት ያለበት። ቀጥሎ ሩቅ ያለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የሱቅ ታፔላ ምረጡ። የቀኙን የፊት መስታወት በመዳፋችሁ ሸፍኑና በግራ ዓይናችሁ እያያችሁ የመሃሉን ማሽከርከሪያ ጽሑፉ እስኪጠራ አዙሩ። አሁን ግራውን ሸፍኑ። የመሃሉን ሳትነኩ የቀኙን የዓይን መስታወት ቀለበት ብቻ አዙራችሁ ያንኑ ጽሑፍ አጥሩ። በቃ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በኋላ የቅርቡንም የሩቁንም የምታስተካክሉት በመሃሉ ብቻ ነው።

ይህን ለማንም ሳስተምር የማልረሳው አንድ ቀን አለ።

ከግቢያችን ጀርባ ባለው ሾላ ላይ ጥቁር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ይመጣሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር ሌላ አገር የሌሉ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛፍ ያለበት ግቢ ሁሉ ያውቃቸዋል። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ አረንጓዴ ናት። ይህን ለባለቤቴ በነገርኩት ቁጥር «ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፣ አንቺ ነሽ ቀይ የምትቀቢያቸው» ይለኛል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዲሱን 8 በ 42 አስይዤ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩትና አሁን እንደጻፍኩላችሁ አድርጌ ላስተካክልለት ጀመርኩ። ግራው ወዲያው ጠራለት። ወደ ቀኙ ስንሄድ ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩለት፤ አልጠራም።

«ይሄ ዕቃሽ ቀኙ ተበላሽቷል» አለኝ።

ተቀብዬ አየሁ፤ ለእኔ ንጹሕ ነው። መልሼ ሰጠሁት። «የቆሸሸ መስታወት ነው፣ ጭጋግ ነው» አለ። ባይኖኩላሩን ገለበጥኩትና የቀኙ ቱቦ ግራ ዓይኑ ላይ እንዲመጣ አደረግኩ። ተበላሸ ባለው ቱቦ በግራ ዓይኑ አጥርቶ አየ። ደህና በሆነው ቱቦ ቀኝ ዓይኑ ጭጋግ አየ። ያን ጊዜ ሆዴ ባር ባር አለ። ችግሩ ዕቃው አልነበረም።

ማታ መብራት አደብዝዤ በባትሪ አየሁት። የቀኝ ዓይኑ ብሌን ጥቁር መሆን ሲገባው ገብስማ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ትዝ ይለኝ ጀመር። ማታ ማታ መኪና መንዳት ያቆመው «መንገዱ ተበላሽቷል» ብሎ ነበር። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት እንደሚበተንበት አንዴ ነግሮኝ «መስታወቱን አጥበው» ብዬዋለሁ። ጋዜጣ ሲያነብ ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ልማዱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ስንት ዓመት የሰው ዓይን ሳይ ኖሬ የገዛ ባሌን ዓይን አላየሁም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ሲሆኑ ጤነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል። ባለቤቱም አያውቅም፣ ሚስትም አታውቅም። አንዱን እስክትሸፍኑት ድረስ።

የዓይን ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለን። የዓይን ሞራ በአገራችን ዓይነ ስውርነት ከሚያስከትሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ነው፤ ደጉ ነገር በኦፕራሲዮን መዳኑ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ ስለሆነ በዕለቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አስረዳሁት። «ዓይንን ያህል ነገር በቢላ?» አለኝ። ጠብታ ይሻላል ያለው ጓደኛ ነበረው፤ ሞራን የሚያጠፋ ጠብታ እንደሌለ ብነግረውም የጓደኛውን ቃል ነው የያዘው። ወራት አለፉ። ተኳረፍን። በመጨረሻ ያሳመነው የእኔ ክርክር አልነበረም፤ የልጅ ልጃችን ከቀኙ በኩል ሮጣ ስትመጣ ሳያያት ገፍቶ ጣላት። ግንባሯ አበጠ። በማግስቱ ራሱ ቀጠሮ አስያዘ።

ስለዚህ እናንተም ባይኖኩላር ባትገዙ እንኳ ይህችን አድርጉ። የርቀት መነጽር ካላችሁ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በአንድ ዓይን፣ ቀጥሎ በሌላው እዩ። ዓይናችሁን በመዳፍ ሸፍኑ እንጂ አትጫኑት፤ የተጫኑት ዓይን ሲከፈት ለጊዜው ብዥ ይላልና ያሳስታችኋል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጭጋግ ሁሉ ሞራ አይደለም። ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ሕመምና መቅላት ካለው፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካያችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉት፤ በዕለቱ ሂዱ። ልጆቻችሁንም በጨዋታ መልክ ሞክሯቸው። ከልጅነቱ አንድ ዓይኑ የደከመ ልጅ ዓለም እንዲሁ የምትታይ ስለሚመስለው አይናገርም፤ ሕክምናው ደግሞ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው።

ስለ ልጆች ከተነሳ፣ የሕፃናት ዓይኖች እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ ብዙው የአዋቂ ባይኖኩላር እስከ መጨረሻው ቢታጠፍም ለእነሱ አይገጥምም። ልጁ «አይታየኝም» ሲል አትቆጡት። ማሰሪያውንም አንገቱ ላይ አድርጎ ዛፍ ላይ እንዲወጣ አትፍቀዱለት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ፀሐይ። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ ስንት ሰው በራጅ ፊልምና በጥቁር መነጽር እንዳየ ታስታውሳላችሁ። ያ ራሱ አደገኛ ነው፤ በባይኖኩላር ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ሬቲና፣ ማለትም የዓይናችን የጀርባ ስስ ሽፋን፣ የሕመም ነርቭ የለውም። ሲቃጠል አያምም። ሰውየው አይቶ፣ ተደስቶ፣ ቤቱ ገብቶ ከሰዓታት በኋላ ነው መሃል ለመሃል ጥቁር ነጥብ የሚያገኘው። ለዚያ መነጽርም ኦፕራሲዮንም አይመልሰውም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ፤ ሙሉው በሳዑዲና በየመን በኩል ያልፋል፣ እኛ በከፊል እናገኘዋለን። ክረምት ስለሆነ ደመናው ሊጋርደው ይችላል፤ ካልጋረደው ግን ባይኖኩላራችሁን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በላዩ በባይኖኩላር ማየትም አይቻልም፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን ያቃጥለዋል። በአዘቦቱም ቀን ንስር ወይም ጆፌ ስትከተሉ ወደ ፀሐይ ከሄደ ወዲያው አውርዱ። እኔ ከልጅ ጋር ስሆን ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን ነው የምንቀመጠው፤ ለማየትም የሚሻለው እሱ ነው።

አጠቃቀሙን በተመለከተ የሚያስቸግረው ወፏን በመስታወቱ ውስጥ ማግኘት ነው። ጀማሪ ሰው ባይኖኩላሩን መጀመሪያ ዓይኑ ላይ ይለጥፍና ሰማዩን ያስሳል። ወፏን በባዶ ዓይናችሁ እዩ፤ ዓይናችሁን ከእሷ ላይ ሳትነቅሉ፣ አንገታችሁን ሳታዞሩ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። እሷ እዚያው ትጠብቃችኋለች። ክንዳችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ፤ ግንብ ወይም ዛፍ ካለ ተደገፉ፤ ካልሆነ ተቀመጡና ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። እንጦጦ ላይ ይህን እያደረግኩ ነው ከማጅራቱ ነጭ ያለበትን ትልቁን ቁራ በወጉ ያየሁት፤ ስንት ዓመት በራሴ ላይ ሲጮህ ነጭ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

ዓይን ማዝ በገባበት ሰሞን ባይኖኩላር እየተቀባበሉ ማየት በሽታውን እየተቀባበሉ መውሰድ ነው። ዓይኑ የቀላ ሰው ለጊዜው ይቅርበት። የዓይን መደገፊያውን ላስቲክ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉት፤ መስታወቱን ግን በዚያ አትንኩት። መስታወቱን በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ የሚጠርግ ሰው ሳይ እጄን እያዘው ነው። አቧራችን አሸዋ አለበት፤ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ ከዚያ በመነጽር ማጽጃ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ። በክረምት ከረጠበ ቦርሳው ውስጥ አትዝጉበት፤ ውስጡ ሻጋታ ካበቀለ ማስጠገኛው ከዋጋው ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር እንዳላልፍ። ባይኖኩላር በአገራችን ጥርጣሬ የሚያስነሳ ዕቃ ነው። ወደ ወታደር ካምፕ፣ ወደ ግድብ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አትደግኑት። ወደ ጎረቤት መስኮትም እንዲሁ፤ ነውር ነው። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የጉምሩክን ደንብ ይጠይቅ፤ ፈቃድ ተጠይቆበት ኤርፖርት ላይ የቀረበት ሰው አውቃለሁ።

የእኛ ባይኖኩላር አሁን ቀለበቱ ላይ ሁለት ነጥብ አለው። የልጅ ልጄ ኩቴክስ ነው፤ ቀዩ የእኔ፣ ነጩ የባለቤቴ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት እሱ ነጥብ አልነበረውም፤ የትም ቢዞር አይጠራለትም ነበርና። ዓይኑ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ ነው በረንዳ ላይ ተቀምጠን የእሱን ቦታ ያገኘነው። ከእኔ ነጥብ አንድ ጣት እንኳ አይርቅም። እሱ ሲያይ ያዞረዋል፣ አይመልሰውም፤ እኔ ስቀበለው እየተነጫነጭኩ ወደ ቀዩ እመልሳለሁ። ባለፈው እሑድ በቀቀኖቹ ሾላው ላይ ሰፍረው ባይኖኩላሩን ይዞ ብዙ ቆየና እንደ አዲስ ወሬ፣ «ታውቂያለሽ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው» አለኝ።